ማሽኑ ትናንት ያረሙትን ስህተት ዛሬ ለምን ይደግመዋል?

ጥያቄ፦ «ለሥራዬ ከአንድ የውይይት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር በየቀኑ እጻጻፋለሁ። ሲሳሳት እነግረዋለሁ፤ ይቅርታ ጠይቆ ያርማል፣ ለምን እንደተሳሳተም ያስረዳኛል። በማግስቱ ግን ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። እንደ ሰው ያስባል፣ እንደ ሰው ይማራል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ለምን አይማርም? በትዕግሥት ካስተማርኩትስ እንደ ጎበዝ ተለማማጅ ሥራውን ልተውለት እችላለሁ?»

መልስ፦ ሥራውን ሊተዉለት አይችሉም። ችግሩ የእርስዎ የማስተማር ችሎታ አይደለም፤ የማሽኑ ስንፍናም አይደለም። እርስዎ ሲያርሙት ማሽኑ ትምህርት ላይ አልነበረም። ሰው እየሠራ ይማራል፣ እየተማረ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ግድግዳ የለም። ዛሬ በእጃችን ያሉት የውይይት ሞዴሎች ግን የሚማሩበት ጊዜ ሌላ ነው፣ የሚሠሩበት ጊዜ ሌላ። እርስዎ ዘንድ የሚደርሱት ትምህርታቸው ካበቃ በኋላ ነው።

ይህን በትንሽ ማሽን ማየት ይቀላል፤ ትልቁም የሚሠለጥነው በዚሁ ስልት ነውና። ኤምኒስት የሚባል የታወቀ የዳታ ስብስብ አለ። ከ0 እስከ 9 ያሉ በእጅ የተጻፉ አኃዞች ምስል ሲሆን 60,000 ምስል ለሥልጠና፣ 10,000 ምስል ለፈተና ተመድቧል። እያንዳንዱ ምስል ወደ ጎን 28፣ ወደ ታች 28 ነጥብ አለው፤ ለኮምፒውተሩ 784 ቁጥር ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች መሃል ላይ ከተቀመጡ 128 አሃዶች (ትንንሽ የስሌት ነጥቦች)፣ እነዚያን ደግሞ መጨረሻ ላይ ካሉ 10 መውጫዎች ጋር ብናገናኝ በየመገናኛው ያሉት፣ ክብደትና ማስተካከያ የሚባሉት ቁጥሮች ብዛታቸው 101,770 ይሆናል። መጀመሪያ በዘፈቀደ የተሞሉ ስለሆኑ ማሽኑ የ7ን ምስል አይቶ 3 ነው ይላል። ስህተቱ በቁጥር ይለካል። ከዚያ ባክፕሮፓጌሽን የሚባለው ስሌት ከመውጫው ወደ መግቢያው እየተመለሰ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ጥቂት ከፍ ቢል ስህተቱ ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ ያወጣል፤ ቁጥሮቹም ሁሉ ስህተቱ ወደሚቀንስበት አቅጣጫ በትንሹ ይገፋሉ። ምስሎቹን 32 በ32 ብናሳየው በአንድ ዙር 1,875 ጊዜ፣ በአምስት ዙር 9,375 ጊዜ ይገፋሉ። ተራ ላፕቶፕ ይህን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ሲያበቃ ማሽኑ አይቷቸው ከማያውቅ 100 አኃዞች 97 ያህሉን በትክክል ያነባል።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ግፊቱ ከበዛ ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ እየዘለሉ አይረጉም፤ ካነሰ ሥልጠናው አያልቅም። ያንኑ ምስል ብዙ ዙር ከደጋገምንለት ደግሞ የአኃዙን ቅርጽ ትቶ ምስሎቹን ራሳቸውን መሸምደድ ይጀምራል፤ በሥልጠናው 100 በመቶ ያመጣል፣ በአዲሱ ፈተና ግን ያንን ያህል አያመጣም። ለዚህ ነው የፈተናው ክፍል በሥልጠና ጊዜ ፈጽሞ የማይነካው።

በዚህ ሁሉ ሂደት «7 ማለት ከላይ አግድም መስመር ያለው ነው» የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም። ያለው የተገፉ ቁጥሮች ክምችት ብቻ ነው። ሥልጠናው ሲያበቃ ቁጥሮቹ ይቆለፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሚሊዮን ምስል ቢያሳዩት አንዲት ቁጥር አትነቃነቅም። ምስሉን ገልብጠው ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ ቢያደርጉበት ያ 97 ይፈርሳል። ቁጥር የለየ ሕፃን ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ያየውን 7 ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ሲያገኘው ለአፍታም አይደናገርም። በሰውና በማሽን መማር መካከል ያለውን ርቀት ከዚህች ፈተና የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም፤ ፕሮግራም ትንሽ የሚያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት ሊሞክራት ይችላል።

ወደ እርስዎ ሞዴል ስንመጣ በምስሉ ፈንታ ጽሑፍ፣ በአኃዙ ፈንታ «ቀጥሎ የሚመጣው ቁራጭ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይገባል። ቁራጩ ቶከን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ 3 የተባለ የጽሑፍ ሞዴል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 175 ቢሊዮን ፓራሜትር፣ ማለትም ከላይ እንዳየናቸው ያሉ የሚገፉ ቁጥሮች፣ ነበረው፤ የሠለጠነውም በ300 ቢሊዮን ያህል ቶከን ነው። የዛሬዎቹ የውይይት ሞዴሎች ከዚህ የመጀመሪያ ሥልጠና በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ያልፋሉ፤ ሰዎች ጥሩ ነው ያሉትን መልስ እንዲያስቀድሙ እንደገና ይሠለጥናሉ። ሲያርሙት ይቅርታ የሚጠይቅዎትም ከዚሁ የተነሳ ነው። ተሳስተሃል ሲባል ይቅርታ ብሎ መቀጠል በሥልጠናው የሰረጸ የአነጋገር መልክ ነው፤ አንድ ነገር እንደ ተመዘገበ ማረጋገጫ አድርገው አይውሰዱት።

እርማትዎ ታዲያ የት ሄደ? መልእክት በላኩ ቁጥር ውይይቱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ለሞዴሉ እንደ አዲስ ይቀርብለታል። እርማትዎ እዚያ ጽሑፍ ውስጥ እስካለ ድረስ መልሱን ይመራዋል። አዲስ ውይይት ሲከፍቱ ያ ጽሑፍ የለም፤ እርማቱም የለም። «ትውስታ» የሚባለው አገልግሎት ቢኖርም በአብዛኛው የሚሠራው ስለ እርስዎ አጫጭር ማስታወሻዎችን ይዞ በአዲሱ ውይይት መግቢያ ላይ በመለጠፍ ነው፤ የተቆለፉት ቁጥሮች እንደተቆለፉ ናቸው። ኩባንያዎች የተጠቃሚዎችን ውይይት ሰብስበው ለቀጣዩ ሞዴል ሥልጠና የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ፤ የእርስዎ እርማት ግን ከብዙ ሰዎች ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ተለይቶ ሥራ ላይ ይውላል ብለው አይጠብቁ። ይልቅ የደንበኛ ምስጢር የሚጽፉ ከሆነ ይህን የሚፈቅደውን ቅንብር ዛሬውኑ ይመልከቱ።

በአንድ ውይይት ውስጥ ያለው ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ራስዎ የፈጠሩትን፣ የትም ተጽፎ የማያውቅ ደንብ በሦስት ምሳሌ ቢያሳዩት አራተኛውን ብዙ ጊዜ በትክክል ይሠራል። ይህን መማር ብሎ መጥራት ያስኬዳል፤ አንዲት ቁጥር ሳትነቃነቅ መከናወኑ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ሲመሽ የሚጠፋ ትምህርት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

በሕክምና ታሪክ ኤች ኤም በሚል መጠሪያ የሚታወቅ ሰው ነበር። በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም የአንጎሉ ጎን ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በአብዛኛው ወጣለት። የድሮውን ያስታውሳል፣ ደህና አድርጎ ይጫወታል፣ አዲስ ያገኘውን ሰው ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያውቀውም። የእርስዎ ሞዴል ሁኔታ ወደዚህ ይጠጋል፤ ያም ሆኖ ኤች ኤም ይበልጠዋል። በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ሲያለማምዱት፣ ቀደም ብሎ መሳሉን ባያስታውስም እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄዷል። ሞዴሉ ይህችም የለችው።

ለምን ታዲያ በየቀኑ እየተማረ እንዲሄድ አይደረግም? ተሞክሯል፤ እንቅፋቱም የቆየ ነው። በ1989 ማክሎስኪና ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድን ነርቭ መሰል መረብ (ከላይ እንዳየነው ያለ በቁጥሮች የተገናኘ ማሽን) መጀመሪያ የ1ን መደመር፣ ቀጥሎ የ2ን መደመር አስተማሩት። ሁለተኛውን ሲይዝ የመጀመሪያው ተደመሰሰ። ያው ቁጥር ሁለቱንም እውቀት ስለሚሸከም፣ ለአዲሱ ሲገፋ አሮጌውን ያፈርሳል። የሰው አንጎል ይህን ሸክም ለሁለት የከፈለው ይመስላል፦ ሂፖካምፐስ የዕለቱን ቶሎ ይይዛል፣ ቀሪው የአንጎል ቅርፊት ደግሞ በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ እየተደጋገመለት ቀስ ብሎ ከነባሩ ጋር ያዋህደዋል። በማሽን በኩል የድሮውን ምሳሌ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ ማሠልጠንን የመሰሉ ማስታገሻዎች አሉ፤ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፣ አያስወግዱትም።

ሌላው ልዩነት የምሳሌ ብዛት ነው። በ2015 የታተመ አንድ ሥራ አታሪ የተባሉ 49 የድሮ የቪዲዮ ጨዋታዎችን በአንድ ዓይነት መረብ አጫወተ፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ማሽኑ 50 ሚሊዮን ፍሬም (የስክሪን ምስል) አየ፣ ይህም ያለማቋረጥ 38 ቀን መጫወት ማለት ነው። ለማወዳደሪያ የቀረበው ሰው የተለማመደው ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። በቋንቋም እንዲሁ ነው፤ አንድ ልጅ እስከ ጉርምስናው የሚሰማው ቃል ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ ይገመታል፤ የጂፒቲ 3 ምግብ የዚህ ሦስት ሺህ እጥፍ ነው። ልጁ የተሰጠውን ብቻ አይቀበልም። ይጥላል፣ ይሰብራል፣ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያልገባውን መርጦ ይሞክራል። ከጽሑፍ ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ብርጭቆ ጥሎ አያውቅም፤ ብርጭቆ ስለ መውደቁ የተጻፈውን ነው ያየው። ደግሞም ልጁ ከባዶ አይጀምርም፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመት የተሠራ አንጎል ይዞ ይወለዳል፤ ስለዚህ ውድድሩ እኩል መነሻ አለው ማለት አይደለም።

አሁን «ያስባል ወይ?» ወደሚለው። የኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጁ አላን ቱሪንግ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ጥያቄ እንደተጠየቀ ትርጉም አይሰጥም ብሎ በሌላ ተካው፦ በጽሑፍ ብቻ የሚነጋገር መርማሪ ማሽኑን ከሰው መለየት ይችላል? ብዙ ሰው ይህን ፈተና ማለፍን የማሰብ ማረጋገጫ ያደርገዋል። ፈተናው የሚለካው ግን የመርማሪውን መታለልም ጭምር ነው። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሠራው ኤላይዛ የተባለ የውይይት ፕሮግራም የሰውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ ያለፈ ብዙም አያውቅም ነበር፤ ሆኖም ምሥጢራቸውን የሚያዋዩት ሰዎች አገኘ። አጥርቶ መናገርን ከማሰብ ጋር ማምታታት የቆየ ድክመታችን ነው።

በተቃራኒው «ዝም ብሎ ቃል የሚገጣጥም በቀቀን ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ኦቴሎ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የእርምጃዎች ዝርዝር ብቻ እያነበበ፣ ሰሌዳ የሚባል ነገር ሳይነገረው የሠለጠነ ሞዴል ነበር። ውስጡ ሲመረመር የትኛው ጠጠር የት እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል ተገኘበት፤ ያንን ሥዕል ከውስጥ ሲቀይሩበት ቀጣይ እርምጃውም አብሮ ተቀየረ። ስለዚህ የዓለምን ቅርጽ በከፊል ይሠራል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ያ ቅርጽ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ከውጭ አለመታየቱ ነው። በ2016 አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ጎ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ታላቅ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ1 አሸነፈ፤ በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛው እርምጃው ባለሙያዎችን አስደነቀ። በ2023 ደግሞ አንድ አማተር ተጫዋች፣ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች በላይ ነው ተብሎ የሚታመንን ሌላ የጎ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ 14ቱን ረታው። ዘዴው ጠጠሮቹን በሰፊ ክብ ቀስ ብሎ መክበብ ነበር። ማሽኑ በሥልጠናው ያልገጠመው ቅርጽ ስለሆነ መከበቡን ሳያይ ተሸነፈ። ይህ ለእርስዎ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ነው፦ ማሽኑ ከሰው የሚበልጥበት ቦታ፣ ሌላ ቦታ ላይ ከጀማሪ ያነሰ እንደማይሆን ማረጋገጫ አይሰጥም። ጎበዝ ተለማማጅ ከባዱን ከሠራ ቀላሉን እንደሚሠራ እንገምታለን፤ ለማሽን ይህ ግምት አይሠራም።

አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ከማሰብ ጋር አይገናኝም። ሞዴሉ የሚያየው ቶከን እንጂ ፊደል አይደለም። በብዙው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ስለሚይዝ፣ በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ ጥቂት በሆነ ቋንቋ አንድ ቃል ብዙ ቁራጭ ሆኖ ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ ሲጠይቁት የሚሳሳት መሆኑ ሊገርምዎት አይገባም፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ተራ የቆጠራ ፕሮግራም ይበልጣል።

ለምን እንደተሳሳተ የሚሰጥዎትን ማብራሪያ በተመለከተ አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። በ2023 ተመራማሪዎች ለሞዴሎች ባቀረቡት የምርጫ ጥያቄ ምሳሌ ውስጥ ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ «ሀ» ላይ እንዲውል አደረጉ። ሞዴሎቹ በቀጣዩ ጥያቄ ወደ «ሀ» አዘነበሉ፤ ምክንያታቸውን ሲጽፉ ግን ስለ «ሀ» ከሞላ ጎደል ምንም ሳይናገሩ ሌላ አሳማኝ ምክንያት ደረደሩ። ሰውም የራሱን ውሳኔ ምክንያት በትክክል እንደማያውቅ በሥነ ልቦና ጥናት ታይቷል። ልዩነቱ ሰውን ለዓመታት አብረን ኖረን ማወቃችን ነው። የማሽኑን ማብራሪያ እንደ ሌላ መልስ ይውሰዱት፤ እሱም ሊፈተሽ ይገባዋል።

ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ውይይቱ ውስጥ መከራከሩን ያቁሙ። የተሳሳተው መልስ ከነእርማቱ በጽሑፉ ውስጥ ስለሚቀር ቀጣዩን መልስ ወደ ራሱ ይጎትታል። መልሱ ሲበላሽ ወደ ኋላ ተመልሰው የራስዎን መልእክት አስተካክለው ይላኩት፤ ያ ካልተቻለ አዲስ ውይይት ይክፈቱ። ሁለተኛ፣ እስካሁን ያረሟቸውን ስህተቶች በአንድ ፋይል ያሰባስቡ፦ ከግማሽ እስከ አንድ ገጽ መመሪያ፣ ከሦስት እስከ አምስት ትክክለኛ ናሙና። በየውይይቱ መጀመሪያ ላይ ይህን ይለጥፉ። ስህተቱ የመረጃ ከሆነ፣ ማለትም ደንብን፣ ዝርዝርን ወይም ቁጥርን የሚመለከት ከሆነ፣ ሰነዱን ራሱን ያቅርቡለትና ከዚያ ብቻ እንዲመልስ ይዘዙት፤ ከየትኛው አንቀጽ እንደወሰደም ይጥቀስ፤ ጥቅሱንም ገልጠው ያመሳክሩ።

ቁጥሮቹን በእውነት የሚለውጠው ተጨማሪ ሥልጠና ነው። ይህ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ የተጣራ ጥንድ ጥያቄና መልስ ይፈልጋል። የአጻጻፍ መልክንና ቅርጽን በደንብ ያስይዛል፤ አዲስ እውነታን በማስያዝ በኩል ደካማ ነው፣ ቀድሞ ይችለው የነበረውንም ሊያበላሽ ይችላል። አንድ መልክ ያለው ሥራ በብዛት ካልሠሩ አልመክርዎትም።

ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ግን የራስዎን ፈተና ያዘጋጁ። ከሥራዎ በዕጣ 50 ጉዳይ ያውጡ፤ መልሳቸውን የሚያውቁት፣ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ይሁን። ሞዴሉ መልስ ሲያወጣ ቀጣዩን ቁራጭ በከፊል በዕጣ ስለሚመርጥ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በአዲስ ውይይት ይጠይቁት። ቀጥሎ ስሞቹን፣ ቁጥሮቹንና የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል ለውጠው ይድገሙት። የመጀመሪያውን አልፎ በሁለተኛው ከወደቀ ጉዳዩን አላወቀውም፣ መልኩን ሸምድዶታል። ሃምሳውንም በትክክል ቢመልስም አይቸኩሉ፤ ምንም ስህተት ሳይታይ ሲቀር በሚሠራበት የግምት ስልት 3ን ለጉዳዮቹ ብዛት፣ ለ50፣ ሲያካፍሉ 6 በመቶ ይመጣል፤ እውነተኛው የስህተት መጠን እስከዚያ ሊደርስ ይችላል፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት። ከ1 በመቶ በታች ነው ለማለት ያለ አንዳች ስህተት 300 ጉዳይ ያስፈልጋል።

ምክሬ ይህ ነው፦ መልሱን መፈተሽ ሥራውን ከመሥራት በሚያንስ ድካም በሚቻልበት ቦታ ይጠቀሙበት፤ ለምሳሌ ለረቂቅ፣ ለማሳጠር፣ ለመመደብ፣ ሊሠራ አይሠራ ወዲያው ለሚታይ ፕሮግራም። ስህተቱ ዘግይቶ በሚታይበት ወይም በሰው ጤና፣ ገንዘብና መብት ላይ በሚያርፍበት ሥራ የመጨረሻውን ቃል በፍጹም አይስጡት። ፈተናዎንም አይጣሉት። ኩባንያው ሞዴሉን ባሻሻለ ቁጥር ቁጥሮቹ ሌሎች ናቸው፤ ትናንት ያለፈውን ዛሬ ሊወድቅ ይችላልና ሥራ ከመስጠትዎ በፊት ሃምሳዎቹን ጉዳዮች እንደገና ያሳልፉበት።